የእፍኝ ጉድለት

ልደታ ባለፈ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጧት፣ ሹም አቦ ሰፈር ባለው የጋሽ ሀብተ ሥላሴ ሳሎን ውስጥ የተገኙት ባለቤቱ ራሳቸው፣ የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሐዋርያት፣ የበኩር ልጃቸው ጌትነት፣ አዲስ አበባ ተምራ የተመለሰችው ልጃቸው ሀኒ፣ በጧቱ አውሮፕላን የመጣች ሔራን የምትባል ሻጭ፣ እና ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር እንዲያገናኝ የተጠራው የእህታቸው ልጅ ቢያዝን ነበሩ። የቢያዝን እናት እናትዓለም አልነበረችም። ቅዳሜ የደቅ ደሴት ጀልባ የሚመጣበት ቀን ስለሆነ ሱቋን ዘግታ መምጣት አትችልም፤ የጠራትም ሰው አልነበረም።

ሳሎኑ ሰፊ ነው። ሶፋዎቹ ከተገዙ ቢቆዩም የመጡበት ላስቲክ ከእጀታቸው ላይ አልተነሣም፤ ሰው ክንዱን ባሳረፈ ቁጥር ኮሽ ይላል። ጠረጴዛው ላይ ሻይ፣ ዳቦና የተቆራረጠ ፓፓያ ቀርቧል። የግንቦት ሙቀት ገና ከጧቱ መጋረጃውን አልፎ ገብቷል። ግድግዳውን የሚያህለው ቴሌቪዥን ላይ የባሕር ዳር ካርታ ተዘርግቶ፣ ካርታው ላይ ስድስት ክቦች ይታያሉ። አምስቱ አረንጓዴ ናቸው። ስድስተኛው፣ ሐይቁ ዳር ያለው፣ ቀይ ነው። ቢያዝን ቀዩን ክብ ሲያይ የቴሌቪዥኑ ቀለም የተበላሸ መስሎት ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ክቡ ቀይ ሆኖ ተመለሰ።

ክቦቹ የጋሽ ሀብተ ሥላሴ የእህልና የቅመማ ቅመም ሱቆች ናቸው። ሀኒ ከአዲስ አበባ እንደተመለሰች ለሱቆቹ የንግድ መተንተኛ ሶፍትዌር አስገባች። ከየሱቁ የገባው እህል፣ የተሸጠውና የቀረው በየሳምንቱ ይመዘገባል፤ ሶፍትዌሩ ያን ሁሉ አገላብጦ የትኛው ሱቅ እንደሚያተርፍ፣ በርበሬ መቼ እንደሚወደድ፣ ምስር የት ቢራገፍ እንደሚሻል ይናገራል። ቁጥሩን የሚያስገባው ቢያዝን ነው። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፤ ሀኒ ግን ጽሕፈቱ ጥንቁቅ መሆኑን አይታ፣ ጌትነት በሚያስተዳድረው ሱቅ ጆንያ ከሚሸከምበት አንሥታ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችው። ስለዚህ ይወዳታል፤ ይፈራታልም። ሶፍትዌሩ የሚሠራው እነሱ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ክላውድ በሚሉት፣ ውጭ አገር በሚገኝ የሌላ ድርጅት ትልልቅ ማሽን ላይ ነው፤ እሱንም ከብዙ ድርጅቶች ጋር ይጋሩታል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲጠቀሙበት ይንቀራፈፋል፤ ሥራው ወረፋ ይይዛል።

«እስካሁን በደባልነት ነው የኖርነው፣ አባባ» አለች ሀኒ። «አንድ ግቢ፣ አርባ ተከራይ፣ አንድ ቧንቧ። እኛ ባልዲ ይዘን ስንወጣ ሌላው ልብሱን ዘፍዝፎ ይጠብቀናል። ሔራን የምትሸጥልን ለብቻችን የተከለለ ቦታ ነው። ማንም አይጋፋንም።»

አባ ወልደ ሐዋርያት የያዙትን ፓፓያ አስቀምጠው «ቦታው ወዴት ነው?» አሉ።

«ውጭ አገር ነው፣ አባታችን» አለች ሔራን።

«ሄዳችሁ አያችሁት?»

«የሚታይ ነገር አይደለም።»

«የማይታይ ግቢ!» አሉ አባ፣ ወደ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ዞረው። «እኛም የማይታየውን ስናስተምር ነው የኖርነ። ግን የዓመቱን አስቀድማችሁ ክፈሉ ብለን አናውቅም።»

«ኧረ አባ! አሥራቱን በየወሩ የሚያስታውሰኝ ማን ሆነና?» አሉ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ፤ ሁሉም ሳቁ። ሔራንም ሳቀች፤ ሰዓቷን ግን አየት አደረገች። አመሻሽ ላይ በሚነሣው አውሮፕላን ትመለሳለች፤ የዓመት ውል ለሚገባ የሚደረገው ቅናሽም ዛሬ ያበቃል። ዋጋውን ስትናገር ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። የአንድ ጥሩ ሱቅ የዓመት ኪራይ ያህል ነበር።

«ይህ ከወዴት ይምጣ?» አሉ።

«ሶፍትዌሩ ራሱ መልሶታል» አለች ሀኒ። ተነሥታ ጣቷን ቀዩ ክብ ላይ አሳረፈች። «የሐይቅ ዳሩ ሱቅ። በየሳምንቱ ይጎድላል። ከገባው ላይ የተሸጠውን ስትቀንስ መቅረት ያለበት እህል አይገኝም። አንድም ሳምንት ሞልቶ አያውቅም። ቦታው ደግሞ ሐይቅ ዳር ነው፤ ለዓሣ ቤት የሚፈልገው ሰውዬ ስንት ጊዜ ለመነህ? ብታከራየው የዚህን ወጪ ይሸፍናል።»

ሌባ የሚል ቃል ማንም አልተነፈሰም። ሀኒ አክስቴ እንኳ አላለችም፤ ሱቁ ነው ያለችው። ሱቁ ይጎድላል፣ ሱቁ ይዘጋ። ቢያዝን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገመድ እንደያዘ በርከክ ብሎ ቀረ። ቁጥሩን ያስገባው እሱ ነው። ሰኞ ሰኞ እናቱ በስልክ «ይህን ያህል ቀረ» ስትለው ሳይጨምር ሳይቀንስ ጽፎታል። ቁጥሩ ተጠራቅሞ አንድ ቀን የእናቱን ሱቅ ያቀላዋል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። ሱቁ ከተዘጋ የሚዘጋው ሱቁ ብቻ አይደለም። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለችው ክፍል የእናቱ ቤት ናት። አባቱ ከሞተ ጀምሮ የኖረችው እዚያ ነው፤ እሱም ያደገው እዚያ ነው።

«ምርቃት ነው» አለ ቢያዝን።

ድምፁ በደንብ ስላልተሰማ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ አንገታቸውን አሰገጉ። «ምን አልህ?»

«ጉድለቱ ምርቃት ነው፣ ጋሼ። መዝና ስታበቃ ለገበያተኛው የምትጨምረው እፍኝ።»

«ምርቃት መቼ ጠፋኝ! እኔስ ሱቅ የከፈትሁት በምርቃት አይደለም? ያልተመረቀለት ገበያተኛ ተመልሶ ይመጣል? ግን ጌትነትም ይመርቃል፤ ሌሎቹም ይመርቃሉ። የነሱ ለምን አይጎድልም?»

ምክንያቱን ቢያዝን ያውቀዋል። በጌትነት ሱቅ ጆንያ ሲሸከም ከሚዛኑ አጠገብ ቆሞ አይቶታል። እህሉ የሚመዘነው በብረት ሳህን ነው። ባዶው ሳህን ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ ቁጥሩ ወደ ዜሮ መመለስ አለበት፤ እዚያ ግን አይመለስም። ሳህኑ ከጤፉ ጋር ይመዘናል፤ ገበያተኛው የሳህኑን ክብደት በጤፍ ዋጋ ይከፍላል። ከዚያ ሻጩ ፈገግ ይልና «ለእርስዎማ ይመረቃል!» ብሎ እፍኝ ይጨምርለታል። ገበያተኛው የሚመረቅለት ከገዛ ጤፉ ላይ ነው። ሌሎቹ አራት ሱቆችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሳህኑን ሳትመዝን እፍኟን የምትጨምር እናትዓለም ብቻ ናት፤ ስለዚህም የሚጎድለው እሷ ብቻ ጋ ነው።

ጌትነት ሻዩን ያማስላል። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ቀና ብሎ ቢያዝንን አየው። «እስኪ ንገረና፣ ቢያዝን» አለ፣ ፈገግ ብሎ። «የኔ ለምን አይጎድልም?»

ሁሉም ዞረው አዩት። የሰውየውን የበኩር ልጅ፣ በገዛ አባቱ ማዕድ፣ በንስሐ አባታቸውና በማያውቋት እንግዳ ፊት፣ ሚዛን ያጎድላል ብሎ እንዴት ይናገራል? ቢናገርስ ማን ይመሰክርለታል?  

«እንጃ» አለ።

«እንጃ!» አሉ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ፤ ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ቁጣ ሳይሆን ድካም ነው። «እህቴ እጇ ሰፊ ነው። ከልጅነቷም እንዲህ ነች፤ አባ ያውቋታል። ጥያት አላውቅም፣ አልጥላትምም። እዚህ ግቢ ጓሮ ያለው ክፍል ባዶ ነው፤ መጥታ አርፋ ትቀመጥ። ጡረታ ነው።»

«መልካም አስበሃል» አሉ አባ ወልደ ሐዋርያት፤ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። ሁሉም ቆመ። አባ ሥራው የሰመረ፣ ቤቱ የተባረከ እንዲሆን፣ ቤተ ሰቡ እንዲፋቀር ጸለዩ። ሁሉም አሜን አሉ። ቢያዝንም አሜን አለ። አፉ ከለመደው ወጣ።

ገመዱን ሲጠቀልል ጋሽ ሀብተ ሥላሴ በረንዳው ላይ ቆመው ለዓሣ ቤቱ ሰው «ሂድና ቦታውን እይ» ሲሉ በስልክ ሰማቸው። ከዚያ ወደ እሱ መጥተው ትከሻውን ያዙት። «አንተ ንገራት። ከኔ አፍ ብትሰማው ትቀየመኛለች» አሉት።

ከበር ውጭ ጌትነት መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቀው ነበር። «ግባ፣ ላድርስህ።»

«በባጃጅ እሄዳለሁ።»

«አትኮሳተርብኝ እንጂ! እኔ መቼ ይዘጋ አልሁ? አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ተናገርሁ?»

«እሱን ነው የምለው» አለ ቢያዝን። «ለምን አልተናገርህም?»

 «አንተስ?» አለ ጌትነት፤ መስኮቱን ዘግቶ ሄደ።

ባጃጅ ለማግኘት ብዙ ቆመ። ነዳጅ ጠፍቷል ብለው አብዛኞቹ ዋጋቸውን በእጥፍ አድርገዋል፤ በአሮጌው ዋጋ የሚጭነው እስኪሞላ ያስጠብቃል። የሞላው ባጃጅ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ያወራሉ። አንዷ አሁን ሽንኩርት ቆጥራ እንደምትገዛ ስትናገር ሌላዋ «ቆጥረሽ ካገኘሽማ ደህና ነሽ» አለቻት። ቢያዝን የሚናገረውን ቃል ይመርጥ ነበር። «ጋሼ እረፊ ብለዋል» ልበል? «ዓሣ ቤት ሊሆን ነው» ልበል? የሐይቁ መንገድ ዘንባባዎች ሲጀምሩ ገና አልመረጠም። የሐይቁ ሽታ መጣ፤ ግንቦት ላይ ውኃው ስለሚሸሽ ዳርቻው ጭቃና እምቦጭ ብቻ ሆኖ ይሸታል።

ሱቁ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ትንሽ እልፍ ብሎ ነው። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ከላዩ ቆርቆሮ። ውስጡ ነጭ ጤፍ፣ ሠርገኛ፣ ዳጉሳ፣ ሽምብራና አተር በየጆንያው አፉ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ በርበሬው ከበላይ፣ ጨው ከበታች። ከኋላ በመጋረጃ የተለየችው ክፍል አንድ አልጋና አንድ ሣጥን ብቻ ትይዛለች፤ የጓሮ መስኮቷ ሲከፈት ግን ሐይቁ ሙሉ ይታያል። ቢያዝን ሲደርስ አንድ ወፍራም ሰው ግድግዳውን በሜትር ይለካል። የሜትሩን ጫፍ ይዛ የቆመችው እናቱ ናት።

«መጣህ?» አለችው፣ ደስ ብሏት። «ጋሼ የላኩት ሰው ነው። ባለፈው መደርደሪያው ዘመመ ብያቸው ነበር። ሊያሠሩልኝ ነው መሰለኝ።»

ሰውየው የለካውን ስልኩ ላይ ጻፈ። «እማማ፣ እስኪ ወደ ጥግ ይያዙልኝ» አለ። እናትዓለም ጫፉን ይዛ ወደ ጥግ ሄደች። «እዚህ ማቀዝቀዣው ይገባል» አለ ሰውየው ለራሱ።

«የእህል ሱቅ ማቀዝቀዣ ምን ይሠራለታል?»

«የእህል? የዓሣ ቤት ነው እንጂ፣ እማማ። ምነው፣ አልነገሩዎትም?»

ቢያዝን ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። እናቱ አየችው። ያን ጊዜ ቃል መምረጥ እንደማያስፈልገው ገባው።  እሷ ሜትሩን አልለቀቀችም፤ ሰውየው ለክቶ እስኪጨርስ፣ ቁጥሩን ጽፎ «እሺ፣ ይልቀቁት» እስኪላት ድረስ ጫፉን በሁለት ጣቷ ይዛ ቆመች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ሚዛኗ ተመለሰች። ሰውየው ቆረሶ ዓሣውንም አምባዛውንም እዚሁ እየጠበሰ እንደሚሸጥ፣ ከፊት ወንበር እንደሚደረድር፣ መጀመሪያ ያ የጓሮ ክፍል ፈርሶ ማድ ቤት እንደሚሆን ለቢያዝን ነገረው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሲወጣ «እግዜር ያጥናዎት» ሊል ዳድቶት ይሁን ምን፣ አንድ ነገር አጉተመተመ።

የደቅ ሰዎች ከጀልባ መውረድ ጀመሩ። ፊት የመጣችው ሙሉነሽ ናት፤ የእናትዓለም ደንበኛ ከሆነች ብዙ ዘመኗ ነው። ሠርገኛ ጤፍ አስመዘነች። እናትዓለም ባዶውን ሳህን አስቀመጠች፣ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሰች፣ ጤፉን ጨመረች፤ ቁጥሩ ሞላ። ከዚያ እጇን ወደ ጆንያው ሰደደች።

«እናቴ» አለ ቢያዝን፣ ቀስ ብሎ። «ምርቃቱን ተይው።»

«ስለምን?»

«በሱ ነው። በሱ ነው ይጎድላል የተባለው።»

እናትዓለም እፍኟን የሙሉነሽ ከረጢት ውስጥ አራገፈች። «መቼ ጎደለ? ሰጠሁ እንጂ» አለች። «ስንት ቀረ ስትለኝ ስንት እንደቀረ ነገርሁህ። ስንት ሰጠሽ ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ሙሉነሽ አንዴ እናትየውን፣ አንዴ ልጁን አየች። «ምን ሆናችኋል ዛሬ? የተጣላችሁ ትመስላላችሁ!» አለች።  ከረጢቷን ተሸክማ «አይ የከተማ ሰው!» እያለች ወጣች።

ቢያዝን ግን እናቱ የተናገረችው ጆሮው ላይ ቀረ። እውነት ነው፤ ሶፍትዌሩ የገባ፣ የተሸጠ፣ የቀረ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ነው ያሉት። የተሰጠ የሚል የለም። ቢኖር የእናቱ ሱቅ አይጎድልም ነበር። ለማንም ክፉ ሳይናገር፣ የማንንም ሳህን ሳያነሣ፣ ቁጥሩ ራሱ ይናገርላታል። «መጣሁ» ብሏት ወጣ። ባጃጅ አልጠበቀም፤ ገሚሱን መንገድ በሩጫ ሄደው።

ቢሮው ከጌትነት ሱቅ በላይ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣበት ክፍል ነው። ሀኒና ሔራን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ሳንቡሳ ይበላሉ። ቢያዝን ላቡን በክንዱ እየጠረገ ያሰበውን ነገራት፤ ሲነግራት መሬት መሬት ያያል። ሀኒ በመጀመሪያ መብላት ቀጠለች፣ ከዚያ ተወች። ልጅቱ ፍትሕ የማይገባት አይደለችም። «አንተ ጎበዝ!» አለችው። «እውነትህን ነው። ምርቃት ወጪ ነው፤ በየትም ሀገር ወጪ ነው። እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?» ወንበሯን አስጠግታ አራተኛ ዓምድ ጨመረች። ለእያንዳንዱ ሽያጭ አንድ እፍኝ አስገባች። «የሷን ብቻ አድርጊው» አላት ቢያዝን። «የሷን ብቻማ አይሆንም፤ ሁሉም ይመርቃሉ ተብሏል። የተመዘገበውን ሁለት ዓመት እንዳለ፣ ስድስቱንም ሱቅ እንደገና እናስላው» አለች።  ሀኒ ቁልፉን ተጫነች።

ትንሿ ክብ ምልክት መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ «ሥራዎ ወረፋ ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«መቼ ይደርሰናል?» አለ ቢያዝን።

«ከብዙ ሰው ጋር የሚጋሩት ላይ ስለሆነ መናገር አይቻልም» አለች ሔራን። «ሥራው ደግሞ ትልቅ ነው። ማታ ሊሆን ይችላል፣ ነገም ሊሆን ይችላል። የተከለለው ላይ ቢሆን ሻይ ሳይቀርብላችሁ ያልቅ ነበር።»

ጠበቁ። ከታች፣ ከጌትነት ሱቅ፣ የብረት ሳህን ሚዛን ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ቅጭልታ ደጋግሞ ይመጣል። ሔራን ለታክሲ ደወለች። ሀኒ ስልኳንና ስክሪኑን እያፈራረቀች አየች። «ቅናሹ ከሚያመልጠን እንግዛው» አለች። «ገዝተን ወዲያው እናስለዋለን።»

«ከገዛንማ ሱቁ ሄደ» አለ ቢያዝን። «የሚገዛው በሱቁ ኪራይ አይደለም? ሱቁ መዘጋት እንደሌለበት ለማየት ሱቁን መዝጋት አለብን?»

 «አባባ ጋ ደውል» አለችው ሀኒ። «እስከ ነገ እንጠብቅ ካለ እኔ እሺ ነኝ። ቅናሹም ይቅር።»

ደወለ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ስልኩን ሲያነሡ ከኋላቸው ቴሌቪዥን ይጮሃል። ቢያዝን የሚችለውን ያህል አስረዳቸው፤ ዓምዱን፣ እፍኙን፣ ወረፋውን።  «ልጄ» አሉት ሲጨርስ፣ «ቀብድ ተቀብያለሁ። ደግሞስ በአባ ፊት የታሰረ ነገር በምን አፌ ይፈታል? ሁላችን አሜን ብለናል። አንተስ አሜን አላልህም?»

«ብያለሁ፣ ጋሼ።»

«ይኸው እንግዲህ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሀኒ መልሱን ከፊቱ አነበበች። ውሉን ተስማማች፣ ክፍያውን ላከች። ሔራን «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብላ ሁለቱንም ጨበጠች። ቦርሳዋን ይዛ የብረቱን ደረጃ ስትወርድ ጫማዋ እየጮኸ ሄደ። ሀኒ ሥራውን ከወረፋው አውጥታ ወደ አዲሱ ቦታ አዛወረችና ደግማ ተጫነች። ታክሲው ገና ከደጅ ሳይንቀሳቀስ ውጤቱ ወጣ።

የሐይቅ ዳሩ ሱቅ አረንጓዴ ነበር። ከገባው ላይ የተሸጠውና የተመረቀው ሲቀነስ፣ መቅረት የነበረበት ሁሉ ቀርቷል፤ አንድም ሳምንት አልጎደለም። ቢያዝን ሳያውቀው የወንበሩን ድጋፍ ጨመደደ። ሀኒ ግን የምታየው እሱን አልነበረም። የአምስቱ ሱቆች ክብ ቢጫ ሆኖ ነበር። ከታች ጽሑፍ አለው፤ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው።

«እነዚህ ይመርቃሉ» አለች ቀስ ብላ። «ግን እህላቸው አይጎድልም። የሰጡት እፍኝ ሁሉ ትርፍ ሆኖ ነው የመጣው። ይሄ እህል ከየት መጣ?»

ከታች ሳህኑ ቅጭል አለ። ጌትነት አንዲትን ሴት «ለእርስዎማ ይመረቃል!» ሲላት ድምፁ በመስኮቱ ገባ። ሴትዮዋ መረቀችው።

«ሳህኑን አብረው ይመዝኑታል» አለ ቢያዝን።

«ማን?»

«ሁሉም። ከእናቴ በቀር።»

ሀኒ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። ሳህኑ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሲቀመጥ አብረው ሰሙት። «አባባ ያውቃል?» አለች።  ሁለቱም በልጅነታቸው እዚያው ታች ሱቅ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ለውዝ ይበሉ ነበር፤ ያን ጊዜ ሚዛኑ ጋ የሚቆሙት ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ራሳቸው ነበሩ። ያን ሁለቱም አስታወሱት መሰለ፤ አንዳቸው የሌላውን ዓይን ሸሹ።

«ይሄ ነገ ጧት አባባ ስልክ ላይ ይገባል» አለች ሀኒ። «ለባንክም የምናሳየው ይሄንኑ ነው፤ የጠየቅነው ብድር ገና አልተለቀቀም።» ድምፏ ወደ ሹክሹክታ ወርዶ ነበር። «ቢያዝን፣ ምን ላድርግ? አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

ቢያዝን ሊመልስ ፈለገ። ጧት ሳሎን ውስጥ «እስኪ ንገረና» የተባለው ትዝ አለው። ያን ጊዜ አልመለሰም፤ አሁንም የሚመልሰው አጣ።  ሀኒ አራተኛውን ዓምድ መርጣ አጠፋችው። አምስቱ ክቦች አረንጓዴ ሆኑ፤ የሐይቅ ዳሩ ቀላ። አዲሱ ቦታ ፈጣን ስለሆነ ዓይን እስኪከድኑ እንኳ አልቆየም።

«አባባ ጓሮ ያለውን ክፍል እኔ ራሴ አስቀባላታለሁ» አለች ሀኒ። «ነጭ ቀለም ነው ወይስ ክሬም የምትወደው?»

«ጠይቂያት» አለ ቢያዝን።

ሰኞ ጧት የጌትነት የጭነት መኪና መጥቶ የቀረውን እህል ወሰደ። የዓሣ ቤቱ ሰው ቁልፉን ተረከበ፤ እናትዓለም አልጋዋንና ሣጥኗን ይዛ ሹም አቦ ገባች። ከሰዓት በኋላ ቢያዝን እንደታዘዘው የሐይቅ ዳሩን ሱቅ ከሶፍትዌሩ ሰረዘ፤ ሶፍትዌሩም ያለ ምንም ወረፋ የአምስት ሱቆች ካርታ አወጣ።